ብሎክቼይን፣ የባንክ ምስጢርና ሕግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባንኮችና ትልልቅ የኢንቨስትመንት ድርጅቶች ወደ ብሎክቼይን፣ ማለትም ብዙ ኮምፒውተሮች በጋራ ወደሚይዙት ዲጂታል መዝገብ፣ በመጡ ቁጥር አንድ ጭቅጭቅ አብሮ ይመጣል። ደንበኛው ጉዳዬን ማንም አይወቅብኝ ይላል። ተቆጣጣሪው አሳዩኝ ይላል። ኔትወርኩ ደግሞ የተመዘገበበትን ሁሉ ለመጣ ለሄደው ያሳያል። በዚህ ዙሪያ እየተደጋገሙ የሚመጡትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስበናል። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ የኢትዮጵያ ነው ካልተባለ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የትኛው ኮይን ይጨምራል ለሚለው ግን እዚህ መልስ የለም፣ አትድከሙ።

ቢትኮይን ስም የለሽ ነው ሲባል አልነበር እንዴ? ምስጢር የለም የሚባለው ከየት መጣ?

ስም የለውም፣ ዱካ ግን አለው። ከጥር 2009 ጀምሮ በቢትኮይን የተላከ እያንዳንዱ ገንዘብ ከየትኛው አድራሻ ወደ የትኛው እንደሄደ፣ መቼና ስንት እንደሆነ ማንም ሰው ስልኩን አውጥቶ ማየት ይችላል። አድራሻው የፊደልና የቁጥር ድብልቅ ነው፣ የማን እንደሆነ አይናገርም። ጣጣው የሚመጣው አንድ ቀን ባለቤቱ የታወቀ እንደሆነ ነው። ያን ጊዜ ያለፈውም የሚመጣውም በሙሉ ይጋለጣል። ቼይናሊሲስን የመሰሉ ድርጅቶች እንጀራቸው ይኸው ነው፤ የትኛው አድራሻ የማን እንደሆነ እየደረሱበት መረጃውን ለመንግሥታትና ለባንኮች ይሸጣሉ።

ባንክ ከሆናችሁ ደግሞ ያን ያህል መፈለግም አያስፈልግም። ቶክን (ብሎክቼይን ላይ ቦንድን ወይም ገንዘብን የሚወክል ዲጂታል ምልክት) ስታወጡ አድራሻውን ራሳችሁ ናችሁ የምታውጁት።

ባንክ ንጹሕ ሥራ ከሠራ የሚደብቀው ምን አለ?

ብዙ ነገር አለ። አንድ የጡረታ ፈንድ 200 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ቦንድ ሊሸጥ አሰበ እንበል። በአንድ ጊዜ ካወጣው ዋጋው ስለሚወርድ በሦስት ቀን ውስጥ እየቆራረጠ ነው የሚሸጠው። ሕዝባዊ (ለማንም ክፍት የሆነ) ብሎክቼይን ላይ ከሆነ ግን የመጀመሪያው ቁራጭ ገና ከመውጣቱ አድራሻውን የሚከታተል ሁሉ ያየዋል፣ አድራሻው ላይ ገና ስንት እንደቀረም ያያል። የቀረውን ለመገመት ሊቅ መሆን አይጠይቅም፤ ቀድመውት ይሸጣሉ፣ ዋጋው ሲረክስ መልሰው ይገዛሉ። ኪሳራውን የሚሸከሙት ጡረተኞቹ ናቸው። ኢቴሪየም በተባለው ሕዝባዊ ብሎክቼይን ላይ ይባስ ብሎ ግብይቱ ብሎክ (የመዝገቡ አንድ ገጽ) ውስጥ ሳይገባ፣ ገና ወረፋ ላይ እያለ ይታያል። ያንን ወረፋ እያነበቡ ቀድመው ዘው የሚሉ ሮቦቶች ሞልተዋል።

ሌላም አለ። ፋብሪካው ለጥሬ ዕቃ አቅራቢው ስንት ይከፍላል? የማን ብድር ዘገየ? የትኛው ባንክ ዛሬ ጥሬ ገንዘብ አጥሮት ከሌላው ተበደረ? ባንኩ ይህንን በራሱ እጅ ለሕዝብ ቢዘረግፍ በብዙ አገር ሕግ የደንበኛን ምስጢር በማውጣት ይጠየቃል።

ተቆጣጣሪዎች በትክክል የሚጠይቁት ምንድን ነው?

ሰው ከሚያስበው ያነሰ ነው። ደንበኛህን እወቅ፣ ማዕቀብ ከተጣለበት ሰው ጋር አትነግድ፣ የሚያጠራጥር ነገር ስታይ ሪፖርት አድርግ፣ መዝገቡን ለዓመታት አቆይ፣ ስንጠይቅህ አምጣ። ዋናው ይኼ ነው።

ለብሎክቼይን ነገሩን ከበድ ያደረገው ትራቭል ሩል የሚባለው ደንብ ነው። ገንዘብ ሲላክ የላኪውና የተቀባዩ ስም፣ የሒሳብ ቁጥርና የመሳሰለው መረጃ አብሮ ይጓዝ የሚል ነው። በባንኮች ዘንድ የቆየ ነገር ነው። ዓለም አቀፉ የፋይናንስ እርምጃ ግብረ ኃይል፣ ኤፍኤቲኤፍ፣ በሰኔ 2019 ወደ ክሪፕቶም አሰፋው፤ መነሻው 1,000 ዶላር ወይም ዩሮ ነው። አሜሪካ ውስጥ መነሻው 3,000 ዶላር ነው። አውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 30 ቀን 2024 ጀምሮ በክሪፕቶ አገልግሎት ሰጪዎች መካከል ለሚደረግ ዝውውር መነሻ የሚባል ነገር አልተወም፣ አንድ ዩሮም ብትሆን መረጃው ይከተላታል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። መረጃው የሚላከው ከአንዱ ድርጅት ወደ ሌላው፣ በተለየ የመልእክት መስመር ነው። ብሎክቼይኑ ላይ ስም ጻፉ የሚል ሕግ የለም፤ ለሕዝብ አሳዩ የሚልም የለም። ተቆጣጣሪው እኔ ልየው ነው የሚለው። ብዙው ክርክር የሚበላሸው ለተቆጣጣሪ መታየትና ለገበያው ሁሉ መታየት አንድ ነገር ተደርገው ሲወሰዱ ነው።

ታዲያ ሕጎቹ ራሳቸው አይጋጩም?

ይጋጫሉ፣ ያውም የሚጋጩት አውሮፓ ላይ ነው። ከግንቦት 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአውሮፓ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ፣ ጂዲፒአር፣ በአንቀጽ 17 ሰው መረጃዬ ይሰረዝልኝ ማለት እንዲችል መብት ሰጥቶታል። ከባድ ጥሰት ሲሆን ቅጣቱ እስከ 20 ሚሊዮን ዩሮ ወይም የዓለም አቀፍ ዓመታዊ ገቢ 4 በመቶ ይደርሳል፣ ከሁለቱ የበለጠው። ብሎክቼይን ደግሞ የተጻፈ አይሰረዝም። የፀረ ገንዘብ ማጠብ ሕጉ በበኩሉ መዝገቡን ለአምስት ዓመት አቆይ ይላል።

የአምስት ዓመቱ ብዙ አያስጨንቅም። አንቀጽ 17 ራሱ በሕግ ግዴታ የተያዘ መረጃን ከመሰረዝ መብት አውጥቶታል። ጭንቀቱ በስድስተኛው ዓመት ነው፤ መያዣው ምክንያት አለቀ፣ መረጃው ግን ሰንሰለቱ (ብሎክቼይኑ) ላይ ተቸክሎ ቀረ። የአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ቦርድ በሚያዝያ 2025 ያወጣው ረቂቅ መመሪያ ቴክኖሎጂው አይፈቅድልንም ማለት ሰበብ እንደማይሆን በግልጽ ተናግሯል። ስለዚህ ያለው መንገድ አንድ ነው። የሰው መረጃ ከመጀመሪያውም ሰንሰለቱ ላይ አይውጣ።

ስሙን ሀሽ አድርጌ ባስቀምጠውስ? ማንም አያነበውም አይደል?

ይህ ጥያቄ ብዙ ፕሮጀክት አስቷል። ሀሽ፣ ማለትም መረጃን ወደ ቋሚ ርዝመት ያለው የፊደልና የቁጥር ኮድ የሚቀይር ሒሳብ፣ ወደ ኋላ አይመለስም የሚባለው እውነት ነው፣ ግን መመለስ የማያስፈልግበት ጊዜ አለ። አንድ ሰው የደንበኞችን ስልክ ቁጥር ሀሽ አድርጎ ሰንሰለቱ ላይ አስቀመጠ እንበል። በ09 የሚጀምር ቁጥር ቀሪው ስምንት አሃዝ ነው። ሊኖር የሚችለው ቁጥር በሙሉ 100 ሚሊዮን ነው። ተራ ላፕቶፕ መቶ ሚሊዮኑንም አንድ በአንድ ሀሽ አድርጎ ሰንሰለቱ ላይ ካለው ጋር ለማመሳከር ደቂቃዎች ይበቁታል። ሻይ ሳይበርድ ያልቃል። የልደት ቀን ከሆነ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ደህና የሚባለው አሠራር ከመረጃው ጋር ረጅም የዘፈቀደ ቁጥር ቀላቅሎ ሀሽ ማድረግና ያንን ቁጥር ከሰንሰለቱ ውጪ፣ ባንኩ ዘንድ፣ መያዝ ነው። ደንበኛው ሰርዙልኝ ሲል ወይም ጊዜው ሲያልፍ መረጃውና ቁጥሩ ባንኩ ውስጥ ይጠፋሉ። ሰንሰለቱ ላይ የሚቀረው ከማንም ጋር የማይገናኝ የፊደል ክምር ነው። ይህ በሕግ ዓይን ሙሉ በሙሉ መሰረዝ ነው ወይ የሚለውን ከጠበቃችሁ ጋር ተነጋገሩበት። ከባዶው ሀሽ ግን የትና የት ይሻላል።

ፈቃድ ያለው ብቻ የሚገባበት የግል ብሎክቼይን ብንሠራ አይበቃም?

ብዙ ባንኮች መጀመሪያ የሮጡት ወደዚያ ነው። ጄፒ ሞርጋን ኢቴሪየምን ለራሱ እንዲመች አድርጎ ኮረም የተባለ የግል ብሎክቼይን በ2016 አወጣ። አር3 የተባለው ድርጅት በዚያው ዓመት ኮርዳ የተባለ መድረክ አወጣ፤ ኮርዳ ላይ ግብይቱ የሚደርሰው ለሚመለከታቸው ወገኖች ብቻ ነው። ሃይፐርሌጀር ፋብሪክ የተባለው መድረክ በ2017 ቻነል የሚባል ነገር ይዞ መጣ፣ የተወሰኑ አባላት ለብቻቸው የሚነጋገሩበት። በ2023 ይፋ የሆነው ካንተን ኔትወርክ ደግሞ እያንዳንዱ ወገን የራሱን ድርሻ ብቻ እንዲያይ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ቦንዱን የሚያስረክበው ቦንዱን ያያል፣ ገንዘቡን የሚያንቀሳቅሰው ባንክ ገንዘቡን ያያል።

የሚያስቸግረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በሩ ስለተዘጋ ብቻ ውስጥ ያሉት አይተያዩም ማለት አይደለም። አንድ ቻነል ላይ ያሉ አምስት ባንኮች አምስቱም የቻነሉን መዝገብ ይዘዋል፣ ተፎካካሪዎች ናቸው ደግሞ። ሁለተኛውና የባሰው፣ ሰው የለበትም። የአውሮፓ ኢንቨስትመንት ባንክ በሚያዝያ 2021 የ100 ሚሊዮን ዩሮ ቦንድ በሕዝባዊው ኢቴሪየም ላይ አወጣ፣ በኅዳር 2022 ደግሞ ሌላ 100 ሚሊዮን በጎልድማን ሳክስ የግል መድረክ ላይ። ሁለቱም ሠርተዋል። ሁለተኛውን የገዛ ኢንቨስተር ግን ልሽጠው ቢል ገዢ የሚያገኘው እዚያው መድረክ ላይ ከገቡት መካከል ነው። እያንዳንዱ ባንክ የራሱን ግቢ ካጠረ ብሎክቼይን ማለት ውድ የሆነ ዳታቤዝ ነው፣ ለዚህ ደግሞ የተለመደው የዳታቤዝ ፕሮግራም፣ ኦራክል፣ አንሶን ነበር?

በሕዝባዊው ኢቴሪየም ላይ የሚሠራ ትልቅ ተቋም አለ?

አለ። ግዙፉ የኢንቨስትመንት ድርጅት ብላክሮክ በመጋቢት 2024 ቢውድል የተባለውን ፈንድ ኢቴሪየም ላይ አውጥቷል። ለመግባት ትንሹ መጠን 5 ሚሊዮን ዶላር ነው፣ ቶክኑም ማንነቱ ተጣርቶ ከተፈቀደለት አድራሻ ውጪ ወደ ሌላ አይሄድም። ኢአርሲ-3643 የሚባለው መስፈርትም ሥራው ይኸው ነው፤ ቶክኑ ራሱ ከመንቀሳቀሱ በፊት የተቀባዩን ፈቃድ ይፈትሻል። በኅዳር 2022 በሲንጋፖር የገንዘብ ባለሥልጣን ፕሮጀክት ጋርዲያን ሥር ጄፒ ሞርጋንና የጃፓኑ ኤስቢአይ የሲንጋፖር ዶላርና የጃፓን የን ፖሊጎን በተባለ ሕዝባዊ ብሎክቼይን ላይ ተገበያይተዋል፣ ማን መገበያየት እንደሚችል የሚያረጋግጥ ዲጂታል ምስክር ወረቀት እያሳዩ።

እነዚህ ሁሉ የማንነቱን ጥያቄ በደንብ መልሰዋል። የምስጢሩን ግን አልመለሱም። ዘበኛው በሩ ላይ ቆሟል፣ ግድግዳው ግን መስታወት ነው። የትኛው አድራሻ ስንት እንደያዘ አሁንም ይታያል።

ዜሮ ኖውሌጅ ፕሩፍ የሚሉት ነገር ይህን ይፈታል?

ግማሹን፣ ምናልባትም ከግማሽ በላይ። ሐሳቡን ጎልድዋሰር፣ ሚካሊና ራኮፍ በ1985 አቅርበውታል። አንድ ነገር እውነት መሆኑን ዝርዝሩን ሳላሳይ ላረጋግጥልህ እችላለሁ የሚል ሒሳብ ነው። ባንክ ውስጥ ሲተረጎም እንዲህ ይሆናል፦ ማንነቴ ፈቃድ ባለው ባንክ ተጣርቷል፣ ማዕቀብ ዝርዝር ውስጥ የለሁም፣ የምልከው በቂ ገንዘብ አለኝ። ኔትወርኩ ሦስቱም እውነት መሆናቸውን ያረጋግጣል፣ ስሜን፣ አገሬንና ቀሪ ሒሳቤን ግን አያውቅም።

በጣም ያምራል፣ ጉድለቱንም ግን ማየት ነው። ማረጋገጫው የገባለትን ነው የሚያረጋግጠው። ቅርንጫፉ ላይ በሐሰተኛ መታወቂያ ሒሳብ ተከፍቶ ከሆነ፣ ያገኛችሁት በሒሳብ የተረጋገጠ ውሸት ነው። የማዕቀብ ዝርዝር ደግሞ በየጊዜው ይቀየራል፣ ባለፈው ወር የተሰጠ ማረጋገጫ ለዛሬ ዋስትና አይሆንም።

የኮድ ስህተትም አለ፣ እኔን በግሌ የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው። በ2016 በዚህ ሒሳብ ላይ የተገነባው ዚካሽ የተባለ ምስጢር የሚጠብቅ ኮይን በ2018 ውስጡ ከባድ ቀዳዳ ተገኘበት። ያወቀ ሰው ቢኖር ማንም ሳያይ ከባዶ ኮይን መፍጠር ይችል ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት በድብቅ ደፈኑት፣ ለሕዝብ የተናገሩት በየካቲት 2019 ነው። ማንም እንደተጠቀመበት ምልክት አልተገኘም። ግን ሁሉ ነገር የተሸፈነበት መዝገብ ላይ ምልክቱስ ከየት ይገኛል? ኦዲተር ሁሉ እንቅልፍ የሚያጣበት ጥያቄ ነው።

ቶርኔዶ ካሽን መንግሥት ዘጋው አልነበር? ምስጢር መጠበቅ ወንጀል ሆነ ማለት ነው?

ታሪኩ ረዘም ይላል። ቶርኔዶ ካሽ ከ2019 ጀምሮ ኢቴሪየም ላይ የነበረ መቀላቀያ ነው፤ የብዙ ሰው ገንዘብ አንድ ላይ ይገባና ማን ያስገባውን ማን እንዳወጣ ሳይታወቅ ይወጣል። የአሜሪካ ግምጃ ቤት ነሐሴ 8 ቀን 2022 ማዕቀብ ጣለበት። ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ታጥቦበታል፣ ከዚህ ውስጥ ከ455 ሚሊዮን በላዩ ላዛረስ የተባሉት የሰሜን ኮሪያ ሰርጎ ገቦች የሰረቁት ነው አለ። ሰርክል የተባለው ድርጅትም በተዘረዘሩት አድራሻዎች ላይ የነበረውን ዩኤስዲሲ የተባለ የራሱን ዲጂታል ዶላር ወዲያው አገደ።

ከዚያ ፍርድ ቤት ገቡ። በኅዳር 2024 የአሜሪካ አምስተኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት ማንም ሊቀይረው የማይችል ስማርት ኮንትራት (ብሎክቼይን ላይ በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም) የማንም ንብረት ስላልሆነ ግምጃ ቤቱ ማዕቀብ ሊጥልበት አይችልም ብሎ ወሰነ። ማዕቀቡ በመጋቢት 2025 ተነሳ። ሰዎቹ ግን አልዳኑም። አንዱ ገንቢ አሌክሲ ፐርትሴቭ በግንቦት 2024 ኔዘርላንድስ ውስጥ 64 ወር ተፈርዶበታል፣ በይግባኝ ቢከራከርም። ሌላው ሮማን ስቶርም በነሐሴ 2025 ኒውዮርክ ላይ ያለ ፈቃድ ገንዘብ የማስተላለፍ ሥራ ለመሥራት በማሴር ጥፋተኛ ተባለ፤ ገንዘብ በማጠብና ማዕቀብ በመጣስ በቀረቡበት ክሶች ላይ የጁሪ አባላቱ አልተስማሙም።

የባንክ ሰው ከዚህ የሚወስደው አጭር ነው። ምስጢር መጠበቅ ወንጀል አልሆነም። ነገር ግን ሲጠየቅ ገልጦ ማሳየት የማይችል ሥርዓት የትኛውም ኮምፕላያንስ (ሕግ መከበሩን የሚቆጣጠር) ክፍል አያሳልፍላችሁም። መሃል መንገድ የሚፈልጉም አሉ፤ በ2023 ከኢቴሪየም መሥራቾች አንዱ የሆነው ቪታሊክ ቡተሪንና ባልደረቦቹ ፕራይቬሲ ፑልስ የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ገንዘቡን ከመቀላቀያው የሚያወጣው ሰው ማንነቱን ሳይናገር፣ ገንዘቤ ከታወቁት የሌባ አድራሻዎች የመጣ አይደለም ብሎ ያረጋግጣል።

ሞኔሮን የመሰለ ሙሉ በሙሉ ስውር ኮይን ለተቋም ይሆናል?

አይሆንም። የአውሮፓ ኅብረት አዲሱ ሕግ ከሐምሌ 10 ቀን 2027 ጀምሮ አገልግሎት ሰጪዎች እንዲህ ያሉ ኮይኖችን ለደንበኛ መያዝ ይከለክላል።

ምስጢሩን የሚከፍተው ቁልፍ ማን እጅ ይሁን?

ከሁሉም በላይ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው፣ የቴክኖሎጂው ሻጮች ደግሞ በፍጥነት የሚያልፉት። መዝገቡ የተመሰጠረ ሆኖ ማየት ብቻ የሚያስችል፣ ገንዘብ የማያንቀሳቅስ ቁልፍ መስጠት ይቻላል። ዚካሽ ላይ አለ፣ የግል ኔትወርኮች ላይ ደግሞ ለተቆጣጣሪው የራሱ ኖድ (የመዝገቡን ቅጂ የሚይዝ ኮምፒውተር) ይሰጠዋል።

እኔ አንድ ሁሉን የሚከፍት ቁልፍ ለአንድ ወገን መስጠትን አልደግፍም፣ ወገኑ መንግሥትም ቢሆን። ያ ቁልፍ ከተሰረቀ የሁሉም ባንክ የሁሉም ደንበኛ ታሪክ ባንድ ሌሊት ይወጣል፣ ሰንሰለቱ ደግሞ መልሶ አይሸፈንም። አገሮቹም ብዙ ናቸው፤ ፍራንክፈርትና ሲንጋፖር አንድ ግብይት ላይ ቢገናኙ የማን ተቆጣጣሪ የማንን ደንበኛ ይይ? የተሻለው ቁልፉን ከፋፍሎ መያዝ ነው። አምስት ወገን ይይዘዋል፣ ሦስቱ ካልተስማሙ አይከፈትም፣ የተከፈተውም የተጠየቀው ግብይት ብቻ ይሆናል፣ ማን መቼ በምን ትእዛዝ እንደከፈተው ደግሞ ይመዘገባል። አዎ፣ ይዘገያል። የወንጀል ምርመራ ግን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የማንንም የባንክ ሒሳብ እንዳሻው አይከፍትም ነበር፣ ብሎክቼይን ስለመጣ ለምን ይክፈት?

ማገድም መቻል አለበት ይባላል፣ እውነት ነው?

ስቴብልኮይን (ዋጋው ከዶላር ወይም ከሌላ ገንዘብ ጋር የታሰረ ኮይን) ከሆነ አዎ። ሐምሌ 18 ቀን 2025 የተፈረመው የአሜሪካው ጂኒየስ አክት አውጪው በሕጋዊ ትእዛዝ ቶክኑን ማገድ የሚችልበት ቴክኒክ እንዲኖረው ያስገድዳል። ምስጢር የሚጠብቅ ስቴብልኮይን የሚሠራ ሰው ያላየውን እንዴት እንደሚያግድ ከመጀመሪያው ማሰብ አለበት።

ኢትዮጵያ ውስጥስ?

ብሔራዊ ባንክ በሰኔ 2022 በክሪፕቶ መክፈልም ሆነ ገንዘብ ማስተላለፍ ሕጋዊ እንዳልሆነ አስታውቋል። ስለዚህ አገር ውስጥ የሚነሳው ጥያቄ ለጊዜው የባንኮች የውስጥ መዝገብና የሰነድ ሥራ ነው። ሕጎቹ ግን ከወዲሁ አሉ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) አለ፣ የፀረ ገንዘብ ማጠብ አዋጅም አለ። ኖዱ ፍራንክፈርት ወይም ቨርጂኒያ ካለ መረጃ ድንበር ተሻገረ ማለት ነው፣ የመረጃ ጥበቃ አዋጁም ይህን ይመለከታል። ኤፍኤቲኤፍ ከ2017 እስከ 2019 ኢትዮጵያን በጥብቅ ክትትል ዝርዝር ውስጥ አስገብቷት እንደነበር የሚያስታውስ የባንክ ሰው ይህን ቀላል ነገር አይለውም።

ባንክ ውስጥ ነው የምሠራው። ሻጭ ሲመጣ ምን ልጠይቀው?

ስላይዱን ይዝጋና አንድ ግብይት ከፍቶ ያሳይ። ከዚያ በተራ ጠይቁት፦ ይህን ማን ያያል? ኖዱን የሚያስተዳድረውስ ሰው? መጠኑ ተሸፍኖ፣ ማን ከማን ጋር ስንት ጊዜ እንደተገናኘ ግን ይታያል ወይ? ብዙዎቹ እዚህ ላይ ይንተባተባሉ፣ ምክንያቱም መጠኑን መደበቅ ቀላል ነው፣ ግንኙነቱን መደበቅ ግን ከባድ ነው። የደንበኛ መረጃ የት ነው ያለው፣ ሰርዝ ሲባልስ ምን ይሰረዛል? ማዕቀብ ዝርዝሩ ዛሬ ከሰዓት ቢቀየር ሥርዓቱ በስንት ሰዓት ያውቀዋል? ምስጠራውን ከድርጅቱ ውጪ ማን መረመረው፣ ሪፖርቱስ የት አለ? የመመልከቻ ቁልፉ ስንት ሰው እጅ ነው፣ ከሥራ የለቀቀ ሰው ቁልፍ እንዴት ይቀየራል? ድርጅቱ ነገ ቢከስር መዝገቡ ለማን ይቀራል? የመጨረሻዎቹ ሁለቱ መልሳቸው ውሉ ላይ በጽሑፍ ከሌለ አትፈርሙ።